ሳይቀመስ የሚጋገር የገና ኩኪስ

በገና ዋዜማ ወጥ ቤት የምትውል ጿሚ ሴት የምትሠራውን አትቀምስም። ኅዳር 15 የተያዘው ጾም የሚፈታው ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ ነው። የዶሮ ወጡን ጨው የምታውቀው በእጇ ልምድ ነው፤ መብሰሉን በሽታውና በመልኩ ትለያለች። ከተጠራጠረች ጾም ያልጀመረ ልጅ ጠርታ ታስቀምሰዋለች። ደግሞም ወጥ ይታረማል። ጨው ቢያንሰው ይጨመርለታል፤ ቢወፍር ውኃ ጠብ ይደረግበታል።

ኩኪስ ግን አይታረምም። ኦቨን ከገባ በኋላ ስኳር አይጨመርለትም፤ ዱቄት በዝቶበት ቢደርቅም ማለስለሻ የለውም። ስለዚህ ኩኪስ የሚጋገረው በቅምሻ ሳይሆን በልክ ነው። ልኩን የያዘና እያንዳንዱ ነገር በሊጡ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያወቀ ሰው አንድም ሳይቀምስ ጥሩ ኩኪስ ያወጣል። ቀጥሎ የምናየው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ኩኪስና ገና እንዴት እንደተገናኙ፣ ከዚያም የሊጡን ጠባይ፣ በመጨረሻም ሁለት የፍስክና አንድ የጾም አሠራር።

ስሙና ዘመዶቹ

በእኛ አነጋገር በፋብሪካ ተሠርቶ በፓኬት የሚሸጠው ብስኩት ነው፤ ኬክ ቤት በኪሎ የሚመዘነው ደግሞ ኩኪስ። ብስኩት የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው። ለመርከብ ጉዞ የሚያዘው ዳቦ እንዳይሻግት ዳግም እየተጋገረ ይደርቅ ነበርና ስሙ ከዚያ ቀረ። ኩኪስ የመጣው ከሆላንድኛ ነው፤ «ትንሽ ኬክ» ማለት ሲሆን ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሆላንዳውያን ሰፋሪዎች ይዘውት ሄደው እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ።

ሁለቱም በጠባያቸው ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ዳቦ ቆሎን ያስቡ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ጥቂት ውኃ፣ ጨው ወይም ስኳር፤ ከተቆራረጠ በኋላ እስኪደርቅ ይበስላል፤ ከዚያ በመንገደኛ ስልቻ ውስጥ ሳምንታት ይከርማል። የሚያከርመው የውኃው ማነስ ነው። ኩኪስም በዚሁ ምክንያት ከኬክና ከዳቦ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ከበዓል ቀደም ብሎ ለመጋገር የሚመቸውም ስለዚህ ነው።

ገናና ኩኪስ

የገና ኩኪስ ባህል በአውሮፓ፣ በተለይም በጀርመን አገር ሥር የሰደደ ነው። የሚገርመው እዚያም ጀርባው ላይ ጾም አለ። በመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ምእመናን ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ይጾሙ ነበር፤ ቅቤም ክልክል ነበር። የሳክሶኒ ሰዎች ስቶለን የተባለውን የገና ዳቦ በዘይት መጋገር ሰልችቷቸው ለጳጳሱ ቢያመለክቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1491 ፖፕ ኢኖሰንት 8ኛ በቅቤ እንዲጋግሩ ፈቀዱላቸው፤ በምትኩ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ እንዲከፍሉ ተደረገ። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ተብሎ ይጠራል።

ከኩኪሶቹ መካከል አንጋፋው ሌብኩኸን የተባለው የጀርመኗ ከተማ የኑረምበርግ የማርና የቅመም ኩኪስ ነው። ኑረምበርግ ሁለት ነገር ታድላ ነበር። በዙሪያዋ ያለው ሰፊ ጫካ ማር ይሰጣታል፤ የንግድ መንገድ መገናኛ በመሆኗም ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ዝንጅብሉ ከሩቅ ምሥራቅ ተጉዞ ገበያዋ ላይ ይወርዳል። በከተማዋ መዝገብ ላይ የሌብኩኸን ጋጋሪ የተጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1395 ነው፤ በ1643 ደግሞ ጋጋሪዎቹ የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ «ኤሊዘን» የሚባለው ምርጡ ዓይነት ቢያንስ 25 በመቶ ለውዝ ነክ ፍሬ ሊኖረው ይገባል፤ ዱቄቱ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አሜሊያ ሲመንስ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1796 ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ የገና ኩኪስ አለ። የገባበት ቅመም ቀረፋ ወይም ቫኒላ ሳይሆን የተፈጨ ድምብላል ነው። ያው እኛ ለበርበሬና ለሽሮ የምናስፈጨው ድምብላል! ኩኪሱ ሲወጣ ደረቅ ቢሆንም በሸክላ ማሰሮ ተደርጎ ስድስት ወር ቢቀመጥ የተሻለ እንደሚሆንም ጽፋለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ የገና ማዕድ ባለቤቶች ድፎ ዳቦና ዶሮ ወጥ ናቸው፤ ኩኪስ በከተማ ቤቶች ዘንድ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የአካባቢው ገና ታኅሣሥ 16 ላይ፣ ልክ በጾሙ መካከል ይውላል። ልጆች ከትምህርት ቤትና ከጎረቤት ኩኪስ ይዘው ይመጣሉ፤ ወላጅ ቅቤና እንቁላል ስላለበት አይነካውም። ለዚህ ቤት መፍትሔው ሁለት ዓይነት ሊጥ ማወቅ ነው፤ ለታኅሣሥ 16 የጾም፣ ለታኅሣሥ 29 የፍስክ።

እያንዳንዱ ነገር ምን ይሠራል?

ዱቄት። የሚያስፈልገው ከሱቅ የሚገዛው ነጩ ፉርኖ ዱቄት ነው። የስንዴ ዱቄት ውኃ ሲነካውና ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነገር ይፈጥራል። ድፎ ዳቦ የሚነፋው ይህ ነገር አየሩን አፍኖ ስለሚይዝለት ነው፤ ሊጡ የሚታሸውም ለዚሁ ነው። ኩኪስ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ሊጡ ከታሸ ኩኪሱ ጥርስ ይፈትናል። ስለዚህ ዱቄት ከገባ በኋላ እስኪገናኝ ብቻ ይነካል፤ ከዚያ እጅ ይነሳል። ጤፍ ይህ የመሳብ ባሕርይ ስለሌለው ለኩኪስ ይስማማል። ከዱቄቱ አንድ ሦስተኛውን በጤፍ ዱቄት ቢተኩት ቡናማ፣ አፍ ውስጥ ፍርክስ የሚል ኩኪስ ያገኛሉ።

ቅቤ። የቅቤ ሥራ የዱቄቱን ቅንጣት ለብሶ ውኃ እንዳይደርሰው ማድረግ ነው። ኩኪስን ፍርክስክስ የሚያደርገው እሱ ነው። ለኩኪስ የሚስማማው የገበታ ቅቤ ሲሆን፣ ከመቶው 80 ያህሉ ስብ፣ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው። የተነጠረ ቅቤ ግን ውኃው ስለተነነ ሙሉ በሙሉ ስብ ነው ማለት ይቻላል። በ200 ግራም የገበታ ቅቤ ፈንታ 160 ግራም የተነጠረ ቅቤና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃል። ቅመም ገብቶበት የተነጠረውን ግን አይጠቀሙ፤ ኮሰረትና በሶብላ የሸተተ ኩኪስ ከቡና ጋር አይሄድም።

ስኳር። ከማጣፈጥ ሌላ ሁለት ሥራ አለው። ሙቀት ሲያገኝ ይቀልጥና ኩኪሱን በትሪው ላይ ያሰፋዋል፤ ጠርዙንም ያቀላል። ስኳር የበዛበት ኩኪስ ጠፍጣፋና ተሰባሪ ይሆናል። ማር በአንጻሩ እርጥበት ስቦ ስለሚይዝ ያለሰልሳል፤ ቶሎም ያቀላል።

እንቁላል። ሊጡን ያያይዛል፤ እርጥበትም ይጨምራል። ለጾም ሲባል ሲቀር ጥቂት ውኃ ወይም የብርቱካን ጭማቂ ቦታውን ይይዛል።

ቤኪንግ ፓውደርና ሶዳ። ሁለቱም ጋዝ እየፈጠሩ ሊጡን ያነሳሉ። ሶዳ ለመሥራት ጎምዘዝ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ ማር ይህን ሥራ ይሠራለታል። ሶዳ ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ስለሚል በተቆለለ ማንኪያ መስፈር አይገባም።

ስለ አለካክም አንድ ነገር እንበል። ብርጭቆ ያሳስታል። 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ዱቄት ቢሞሉ 125 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ኩባያ ስኳር 200 ግራም ይሆናል። ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ከተሰፈረ ደግሞ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። በቤት ሚዛን ከሌለ ዱቄቱንና ስኳሩን የሰፈር ባለሱቅ በሚዛኑ እንዲለካልዎ ቢጠይቁት አያስቸግርም።

ሦስት ሊጦች

አንደኛው የቅቤ ኩኪስ ነው። ጀርመኖች ይህን ሊጥ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይሉታል፤ ልኩ በስሙ ውስጥ ስላለ አይረሳም። አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፤ ይህም 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤና 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት ማለት ነው። ጣት የሚያሰምጥ ያህል የለሰለሰውን ቅቤ ከስኳሩና ከቁንጥር ጨው ጋር ነጣ እስኪል ይምቱት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ ይጨምሩ። ከዚያ በወንፊት የተነፋውን ዱቄት ጨምረው እስኪገናኝ ብቻ ያዋሕዱት። አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። እያንዳንዱ 15 ግራም ቢሆን 40 ኩኪስ ይወጣዋል።

ሁለተኛው የማርና የዝንጅብል ኩኪስ ነው፤ የእነ ሌብኩኸን ዘመድ ሲሆን የቤት ጠረን የሚቀይረው እሱ ነው። 125 ግራም ማር፣ 75 ግራም ስኳርና 75 ግራም ቅቤ በለስላሳ እሳት አቅልጠው ያቀዝቅዙት። አንድ እንቁላል ይምቱበት። 300 ግራም ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የቀረፋ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቅርንፉድና የወደዱትን ያህል ድምብላል ለብቻ ቀላቅለው ይጨምሩበት። ሊጡ መጀመሪያ ይጣበቃል፤ አይደንግጡ፣ ዱቄትም አይጨምሩ። ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይጠነክራል፤ ቅመሙም ይዋሐደዋል። በማግሥቱ በመዳመጫ ወይም በጠርሙስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አሳስተው ይዳምጡት።

ሦስተኛው የጾም ኩኪስ ነው። 250 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 50 ግራም ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ ወይም ሰሊጥ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ቁንጥር ጨው ይቀላቀላል። 100 ሚሊ ሊትር ዘይትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የብርቱካን ጭማቂ ይጨመርበታል። በእጅ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ሲነኩት ግን የሚፈረፈር መሆን አለበት፤ ካልተያያዘ አንድ ማንኪያ ጭማቂ ይጨመር። ዘይት እንደ ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ ስለማይጠነክር ይህ ሊጥ አይዳመጥም፤ እንደ ለውዝ ኳስ እየተድቦለቦለ በጣት ጠፍጠፍ ይደረጋል። ይህኛውን ደግሞ ጿሚዋ መቅመስ ትችላለች።

ኦቨኑና ከፍታው

ኦቨኑ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሙቅ፤ ትሪው የሚገባው ከሞቀ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ የገባ ኩኪስ ሳይበስል ቅቤው ይቀልጥና ሁሉም ተያይዞ አንድ ቂጣ ይሆናል። በኩኪሶቹ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ። የቅቤውና የጾሙ ከ10 እስከ 14 ደቂቃ፣ የማሩ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል።

ከሌላ አገር የተገኘ አሠራር አዲስ አበባ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተናል፣ ጋዙም ያለ ልክ ይለጠጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ አሠራር ሲያገኙ ቤኪንግ ፓውደሩን ወይም ሶዳውን በአንድ ሦስተኛ ይቀንሱ፤ ስኳሩንም በአንድ ሁለት ማንኪያ ዝቅ ያድርጉ። ከላይ ያሉት ልኮች ሶዳና ፓውደር የቀነሱት ለዚሁ ነው።

ኦቨን የሌለው ቤት ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ተደርጎ እንደሚጋገር ያስታውስ። ወፍራም ድስት ውስጥ ከታች ሦስት ትንንሽ ጠጠር ወይም የሽቦ ማስቀመጫ ይደረጋል፤ ክዳኑ ተገጥሞ ለ15 ደቂቃ በመካከለኛ እሳት ይሞቃል። ከዚያ ኩኪሱ የተደረደረበት ትንሽ ሳህን መሳይ ትሪ ይገባል። መብራት ቢጠፋም ጥፋት የለውም። ገና ያልተጋገረ ሊጥ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ መብራቱን ይጠብቃል።

ያለ ምላስ መፈተን

መጀመሪያ አንድ ኩኪስ ብቻ ይጋግሩ። ይህ አንድ ኩኪስ የምላስን ሥራ ይሠራል። በጣም ከሰፋና ከሳሳ ሊጡ ሞቋል ማለት ነው፤ የቀረውን ግማሽ ሰዓት ወደ ፍሪጅ ይመልሱት። ይህ ካልረዳ ቅቤው በዝቷልና ሁለት ማንኪያ ዱቄት ይጨምሩ። ምንም ካልሰፋና ላዩ ከተሰነጣጠቀ ዱቄቱ በዝቷል፤ አንድ ማንኪያ ወተት፣ በጾም ከሆነ ጭማቂ ያለሰልሰዋል። ታቹ ጠቁሮ ላዩ ከነጣ ትሪው ለታችኛው እሳት ቀርቧልና አንድ ደረጃ ከፍ ይበል።

መብሰሉን የሚናገረው ጠርዙ ነው። ጠርዙ ወርቅማ ሲሆን፣ መሐሉ ገና ነጣ ብሎ በጣት ሲነካ ለስለስ እያለ መውጣት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ገና ነው፣ አልጠነከረም» ብሎ ይተወዋል። ኩኪስ ግን የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ኦቨን ውስጥ እስኪጠነክር የጠበቁት ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል። ከወጣ በኋላም በትሪው ላይ አምስት ደቂቃ ይቆይ፤ በትኩሱ የተነሳ ይሰበራል።

የገና ዱላና ሩር

ቅርጽ ለማውጣት የተለየ ዕቃ መግዛት ግድ አይደለም። የሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ይቆርጣል፤ ቢላዋ ኮከብና አራት ማዕዘን ያወጣል። ኦስትሪያውያንና ጀርመኖች የቅቤውን ሊጥ በመዳፋቸው እንደ ገመድ እያንከባለሉ ጨረቃ አስመስለው ያጥፉታል። እኛ ቤት ደግሞ ያው ገመድ አንድ ጫፉ ብቻ ቢቆለመም የገና ዱላ ይሆናል፤ የጾሙ ሊጥ ጠፍጠፍ ሳይደረግ እንደተድቦለቦለ ቢቀር የገና ጨዋታው ኳስ፣ ሩሩ ነው። ይህን ሥራ ለልጆች ይስጧቸው። ዱላው ተጣሞ፣ ሩሩ ሞላላ ቢሆን ግድ የለም፤ ውፍረታቸው አንድ ዓይነት እንዲሆን ብቻ ይቆጣጠሩ። ውፍረቱ የተለያየ ኩኪስ እኩል አይበስልምና።

ለማስዋብ 100 ግራም የላመ የተፈጨ ስኳር ከሦስት ወይም ከአራት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር እስኪወፍር ይመታል። እንቁላል ስለሌለበት ለጾሙም ይሆናል። ንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተደርጎ ጫፉ በጣም ትንሽ ሲቆረጥ እንደ እስክሪብቶ ይጽፋል። ኩኪሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ከተቀባ ግን ይቀልጣል።

መቼ ይሠራ፣ የት ይቀመጥ?

ዋዜማው በዶሮ መበለትና በሽንኩርት መክተፍ ስለሚያልፍ ኩኪስን ለዚያ ቀን ማስተረፍ ራስን ማድከም ነው። የማሩ ኩኪስ ሲያድር የሚጣፍጥ ስለሆነ ከታኅሣሥ 20 ጀምሮ ቢጋገር ይመረጣል። የቅቤው ሊጥ ታኅሣሥ 25 ተዘጋጅቶ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ መጋገሩ ለ26 ወይም ለ27 ይሁን። ማስዋቡ ለልጆቹ በ28 ጠዋት ይተርፋል።

የሚቀመጡት ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ለየብቻ ነው። ለስላሳውና ደረቁ አንድ ላይ ከሆኑ ደረቁ የለስላሳውን እርጥበት ስቦ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ የቅመሙም ሽታ በቅቤው ላይ ያርፋል። የማሩ ኩኪስ ከደረቀ አንድ ቁራጭ ፖም አብሮት ቢያድር ይለሰልሳል፤ ፖሙ በማግሥቱ ይወጣል። በደንብ የተከደነ የቅቤ ኩኪስ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ልጆች ያሉበት ቤት ግን ይህን ለማረጋገጥ ዕድል አያገኝም።

አንድ የቀረ ዕቃ አለ፤ ደብተር። የእርስዎ ኦቨን በስንት ደቂቃ እንዳቀላ፣ ስንት ማንኪያ ዱቄት እንደጨመሩ፣ የትኛው ትሪ እንደሚያሳርር በዋዜማው ሳይረሳ ይጻፍ። ከቅዳሴ መልስ ጾሙ ተፈትቶ፣ ዶሮው ተበልቶ ቡና ሲቀርብ ኩኪሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቀመሳል። ያን ጊዜ ምላስ የምትፈርደውን ፍርድ ከልኩ ጎን ያስፍሩት። በሚመጣው ዓመት ዋዜማ ላይ፣ መቅመስ በማይቻልበት ሰዓት፣ የምታስቀምስዎት ያቺ ገጽ ናት።